ነፃውንና የሚከፈልበትን አፕ ከአንድ ኮድ ማውጣት

የአፕህን ነፃና የሚከፈልበት ቅጂ በሁለት ፕሮጀክት ለየብቻ ይዘህ ከሆነ፣ ሁለቱን ፕሮጀክቶች አንድ አድርጋቸው። ነፃውን አፕ ኮፒ አድርገህ የሚከፈልበትን ስለሠራህ ነው እያንዳንዱን ስህተት ሁለት ጊዜ የምታርመው። አንድሮይድ ላይ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ፕሮዳክት ፍሌቨር የሚባል ነገር አለ፤ ከአንድ ኮድ የተለያዩ የአፕ ቅጂዎችን ያወጣልሃል።

1. ግሬድል ፋይሉ (አፑ እንዴት እንደሚገነባ የሚጻፍበት) ላይ ሁለት ፍሌቨር ፍጠር፤ አንዱ ለነፃው፣ አንዱ ለሚከፈልበት። ለእያንዳንዱ አሁን ፕሌይ ስቶር ላይ ያለውን አፕሊኬሽን አይዲ (የአፑን መለያ ስም) ስጠው። አይዲውን እንዳትቀይር፤ ከተቀየረ እንደ አዲስ አፕ ነው የሚቆጠረው።

2. የጋራውን ኮድ በሙሉ ሜይን ፎልደር ውስጥ አድርግ።

3. የሚለያየውን ብቻ በየፍሌቨሩ ፎልደር አስቀምጥ። ለምሳሌ ማስታወቂያ የሚያሳየው ክላስ በሁለቱም ፎልደር በአንድ ስም ይኑር፤ በሚከፈልበት ውስጥ ግን ምንም የማይሠራ ይሁን። ያንኑ ክላስ ሜይን ውስጥም ከደገምከው ቢልዱ አያልፍልህም። የማስታወቂያ ላይብረሪውንም ለነፃው ፍሌቨር ብቻ ጨምር።

እንዲህ ስታደርግ ‹የከፈለ ነው ወይስ አይደለም› የሚል ኢፍ በየቦታው መበተን ይቀርልሃል። እኔ ትልቁ ጥቅሙ እሱ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። አፕህ ኮንቴንት ፕሮቫይደር (ዳታውን ለሌሎች አፖች የሚያቀርብ ክፍል) ካለው፣ ኦቶሪቲው ማለትም የዚህ ክፍል መለያ ስም በሁለቱ ውስጥ አንድ ዓይነት መሆን የለበትም። አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ነፃውን የጫነ ሰው የሚከፈልበትን ሲገዛ ስልኩ አልጭንም ይለዋል። ከፍሎ መጫን ያቃተው ሰው ደግሞ የሚሰጥህን ኮከብ ታውቀዋለህ። ማኒፌስቱ (የአፑ ክፍሎች የሚዘረዘሩበት ፋይል) ላይ ኦቶሪቲው ከአፕሊኬሽን አይዲው እንዲነሳ አድርግና፣ ከመልቀቅህ በፊት ሁለቱንም አንድ ስልክ ላይ ጭነህ ሞክር።