20 ዶላር ለዳውንሎድ ወይስ ለዲስክ?

የዛሬዋ ጠያቂ በሜሪላንድ የሚኖሩ የሁለት ልጆች እናት ናቸው። «ልጆቼ አንድን ፊልም ሃያ ጊዜ ያያሉ። ዳውንሎዱ 20 ዶላር ነው፤ ዲስኩም በዚያው ዋጋ ይገኛል። በዚህ ክረምት አዲስ አበባ እናቴ ጋ ሁለት ወር እንቆያለን፤ እዚያም ማየት ይፈልጋሉ። የቱ ያዋጣኛል? በዚያ ላይ እናቴ ቤት አንድ ካርቶን የድሮ የአማርኛ ፊልም ቪሲዲ አለ፤ እሱንስ ምን ላድርገው?» ይላሉ።

እህቴ፣ መልሴን ላስቀድም። ልጆችዎ ደጋግመው የሚያዩትን በዲስክ ይግዙ። አንዴ ታይቶ የሚረሳውን ተከራይተው ይዩት። ዳውንሎድ እንዲገዙ የምመክረው ከዲስኩ በግማሽ ያህል ሲረክስ ብቻ ነው።

ምክንያቴ የሚጀምረው «ግዛ» ከሚለው ቁልፍ ነው። እሱን ሲጫኑ የሚያገኙት ፊልሙን ሳይሆን ፊልሙን የማየት ፈቃድ ነው። ሻጩ ከፊልሙ ባለቤት ጋር ያለው ውል ካለቀ ፈቃዱም አብሮ ሊሄድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 ጌምና ፊልም የሚሸጠው ፕሌይስቴሽን በጀርመንና በኦስትሪያ ሰዎች ከፍለው የገዟቸውን ስቱዲዮካናል የተባለ ኩባንያ ፊልሞች ከአካውንታቸው አንስቷል፤ ምክንያቱም የውል ጉዳይ ነበር። አልትራቫዮሌት የሚባለው የዲጂታል ፊልም ማከማቻ በ2019 ተዘጋ። ማይክሮሶፍትም በ2025 ፊልም መሸጥ አቁሟል። ካሊፎርኒያ ከ2025 መጀመሪያ አንስቶ ሻጮች የሚሸጡት ፈቃድ መሆኑን በግልጽ ሳይናገሩ «ግዛ» እንዳይሉ በሕግ የከለከለችው በከንቱ አይደለም። ዲስኩን ግን ከመደርደሪያዎ ላይ ማንም አያነሳብዎትም። ለጎረቤት ያውሱታል፣ ልጆቹ ሲያድጉ ለእህትዎ ልጆች ይሰጡታል፣ ከፈለጉም ይሸጡታል።

ጥራቱም ቢሆን እኩል አይደለም። ብሉሬይ የሚባለው፣ ከዲቪዲ የጠራ ሥዕል ያለው ዲስክ 25 ወይም 50 ጊጋባይት ይይዛል። ያው ፊልም በኤችዲ ሲወርድ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ጊጋባይት ነው። ልዩነቱን ማየት ከፈለጉ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሻማ የበራበት ትዕይንት ይምረጡ። በዳውንሎዱ ላይ ከሻማው ጀርባ ያለው ግድግዳ ቀስ ብሎ መጨለም ሲገባው ደረጃ ደረጃ ሠርቶ ይታያል። በብሉሬዩ ላይ ጥላው ይለሰልሳል። ይሄ ግን ለትልቅ ቴሌቪዥን ነው። ልጆቹ የሚያዩት በታብሌት ከሆነ ለጥራት ብለው አይጨነቁ።

ዋናው ጣጣ ጉዞው ነው። የዲቪዲውን ሽፋን ገልብጠው ጀርባውን ይዩት። ትንሽ የምድር ሉል ሥዕል አለ፤ መሃሉ ላይ ዲስኩ የሚሠራበትን የዓለም ክፍል የሚያሳይ ቁጥር ተጽፏል። አሜሪካ የተሸጠው አብዛኛውን ጊዜ 1 ነው። ኢትዮጵያ የምትመደበው በ5 ነው። እናትዎ ቤት ያለው ማጫወቻ ሁሉንም ቁጥር የሚቀበል ካልሆነ ዲስኩን አያነብም። ብሉሬይ ደግሞ በፊደል ነው የሚለየው፤ አሜሪካ ኤ፣ ኢትዮጵያ ቢ። ከብሉሬይም የጠራው የ4ኬ ዲስክ ግን ይህ ገደብ የለበትም።

ስለዚህ ስክሪን ያለው ትንሽ ዲቪዲ ማጫወቻ ከዚያው ገዝተው ይሂዱ። ግን ቻርጀሩ ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ሳያነቡ እንዳይሰኩት። «100–240 ቮልት» ካለ ሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃዎታል። «120 ቮልት» ብቻ ካለ አዲስ አበባ በ220 ሲሰኩት ይቃጠላል። በዚህ ምክንያት ከውጭ በመጣ ማግስት ለጥገና የመጣልኝ ዕቃ ብዙ ነው። ከሻንጣ ወጥቶ፣ ተሰክቶ፣ ጢስ ሸቶ አለቀ። ሁልጊዜ ያናድደኛል፤ አንድ መስመር ማንበብ ያድነው ነበር።

ዳውንሎድ ይዘው የሚሄዱ ከሆነም ከመነሳትዎ በፊት ቤትዎ ይፈትኑት። ታብሌቱን ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያድርጉና እያንዳንዱን ፊልም ከፍተው አንድ ሁለት ደቂቃ ይዩ። አንዳንድ አፕ በየጊዜው ኢንተርኔት ገብቶ ፈቃድዎን ማረጋገጥ ይፈልጋል። ሌላው «በዚህ አገር አይሠራም» ይላል። የተከራዩት ፊልም ደግሞ ማየት ከጀመሩ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በ48 ሰዓት ይዘጋል። ለሁለት ወር ቆይታ አይሆንም።

ከሁሉ የሚያዋጣው ዲጂታል ኮድ ያለበት ዲስክ ነው። በአንድ ዋጋ ዲስኩንም ዳውንሎዱንም ያገኛሉ። ሽፋኑ ላይ «ዲጂታል» የሚል ጽሑፍ ይፈልጉ፤ ኮዱ ውስጥ ባለች ወረቀት ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የማብቂያ ቀን ስላለው ሳይውል ሳያድር ያስገቡት። ያገለገለ ዲስክ ከገዙ ግን ኮዱ ሥራ ላይ ውሏል ብለው ይገምቱ።

ዲስክ ቤት ያጨናንቃል ካሉ የፕላስቲክ ሳጥኑን ጥለው በዲስክ ቦርሳ ያኑሩት። ሲቆሽሽ በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ጠርዝ በቀጥታ ይጥረጉት፤ አያዙሩት። ዙሪያውን የሄደ ጭረት መረጃው የተጻፈበትን መስመር ተከትሎ ስለሚሄድ ማጫወቻው የጠፋውን መሙላት ያቅተዋል። ጭረቱን በጥርስ ሳሙና ያጥፉ የሚሉትን አይስሙ። በተለይ ብሉሬይ ላይ መረጃው ያለው ከሚያብረቀርቀው ገጽ 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ገባ ብሎ ነው።

አሁን ወደ እናትዎ ካርቶን። ከሁሉም በፊት የምለምንዎት እሱን ነው። አሁን ሱቅ ያለ ፊልም ቢጠፋ ሌላ ይገዛሉ። ከእነዚያ ቪሲዲዎች ብዙዎቹ ዛሬ የትም ሱቅ አይገኙም። ቪሲዲ ላይ መረጃው ያለው ሥዕሉ ባለበት በኩል፣ ከስስ ቫርኒሽ በታች ነው። ስለዚህ ሥዕሉን አይፋቁ፣ በእስክሪብቶ አይጻፉበት። ብርሃን ላይ ይያዙት፤ ነጠብጣብ ቀዳዳ ከታየዎት መላጥ ጀምሯል ማለት ነው፤ ከእሱ ይጀምሩ። ዩኤስቢ ያለው ዲስክ አንባቢ ይዘው ይሂዱ። ቪሲዲ መቅዳትን የሚከለክል ቁልፍ የለበትም። በኮምፒውተር ሲከፍቱት «ኤምፔግ ኤቪ» የሚል ፎልደር አለ፤ ውስጡ ያለው የ«ዳት» ፋይል ፊልሙ ነው። ሃርድ ዲስክ ላይ ይቅዱት፤ ቪኤልሲ የሚባለው የኮምፒውተር ማጫወቻ ፕሮግራም ያጫውተዋል። አንድ ቪሲዲ ከ80 ደቂቃ በላይ ስለማይዝ ፊልሙ ብዙ ጊዜ በሁለት ዲስክ ነው፤ ሁለተኛውን ሳያገኙ ካርቶኑን አይዝጉ። ቅጂውን አንዱን እናትዎ ጋ ይተዉ፣ ሌላውን ይዘው ይመለሱ።