መዝገቡ መጀመሪያ የሚደርሰው እናንተ ዘንድ ነው

ውድ ልጆቼ፣

ከዐቃቤ ሕግነት በጡረታ ከተሰናበትኩ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል። በመጨረሻዎቹ የሥራ ዘመኖቼ ጠረጴዛዬ ላይ ይቆለሉ ከነበሩት መዝገቦች ብዙዎቹ የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 692 አታላይነት የሚለው ዓይነት ነበሩ፤ አንዱን ኮንዶሚኒየም ለሦስት ሰው የሸጠ ደላላ፣ ውጭ አገር እልካለሁ ብሎ ቀብድ የበላ፣ የባንክ ሠራተኛ ነኝ ብሎ ደውሎ የምስጢር ቁጥር የተቀበለ።

ከቤሩት የተመለሰች አንዲት ሴት የስድስት ዓመት ደመወዟን ለቤት መግዣ ብላ ደላላ በሰጣት የባንክ ሒሳብ ያስገባችባቸውን ደረሰኞች በፌስታል ጠቅልላ መጥታ ነበር። ፖሊስ ጣቢያ «ይኼ የውል ጉዳይ ነው፣ ፍትሐ ብሔር ክሰሺ» ተብላ ወር ሙሉ ተመላልሳለች። የሌለ ቤት አለ ብሎ ገንዘብ መቀበል ግን ገና ከመነሻው ወንጀል ነው። መርማሪው ለባንክ የጻፈው ደብዳቤ መልስ ሲያገኝ ሦስት ወር አልፎ ነበር፤ ገንዘቡ የወጣው በገባበት ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው።

የሒሳቡ ባለቤት ለጥቂት መቶ ብር ብሎ በስሙ ሒሳብ ከፍቶ ካርዱን ለማያውቀው ሰው ያስረከበ የሃያ ዓመት የቀን ሠራተኛ ሆኖ ተገኘ። ደላላው የተጠቀመበት ስም የሐሰት ነበር፤ ወንጀሉም እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ብቻ የሚያስቀጣ በመሆኑ በሌለበት ሊታይ ስለማይችል፣ በእሱ በኩል ያለውን መዝገብ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 42(1)(ለ) መሠረት ዘጋሁት። በቀን ሠራተኛው ልጅ ላይ የቀረበውን ክስ የፈረምኩትም እኔ ነኝ። ሕጉ ይደግፈኛል፤ ሴትዮዋ ግን ከችሎት ስትወጣ «የወሰደብኝ እኮ ይኼ አይደለም» አለችኝ፣ መልስ አልነበረኝም።

የተወሰደ ገንዘብን ዱካ በፍጥነት ለመከተል አቅም የለም የሚለውን ሰበብ አልቀበልም። መጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒውተር ሥርዓት ችግር ገጥሞት ደንበኞች የሌላቸውን ገንዘብ ባወጡ ጊዜ፣ ባንኩ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ወር ሳይሞላ ይፋ አድርጓል። የባንክ ገንዘብ ሲሆን ዱካው በቀናት ይገኛል፤ የግለሰብ ሲሆን የደብዳቤ መልስ ይጠበቃል።

ስለዚህ ሲም ካርዳችሁንም ሆነ የባንክ ሒሳባችሁን፣ ለጓደኛ ውለታ እንኳ ቢሆን፣ ለማንም አታውሱ፤ ቀርፋፋ ሕግ ከሁሉ አስቀድሞ የሚይዘው ስሙ የተጻፈውን ሰው ነውና። የተታለላችሁ እንደሆነም ዕፍረቱን ለኋላ ትታችሁ በዚያው ሰዓት ወደ ባንካችሁ ሂዱና ገንዘቡ የገባበት ሒሳብ እንዲታገድ በጽሑፍ ጠይቁ፤ በማመልከቻው ላይም የደረሰ ማኅተም አስመቱ። ለፖሊስ በምታቀርቡት አቤቱታ «ገንዘቤን አልመለሰልኝም» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ምን ውሸት እንደነገራችሁ፣ ያንን አምናችሁ ምን እንደከፈላችሁ በቀንና በሰዓት ጻፉ። የመዝገብ ቁጥር ሳትቀበሉ ከጣቢያ አትውጡ፤ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት መረጃ የማቆየት ግዴታ ያለባቸው ለአንድ ዓመት ስለሆነ፣ መርማሪው ደብዳቤውን መጻፉን በየሁለት ሳምንቱ እየሄዳችሁ ጠይቁ።