ከአዲሱ ልስን ጀርባ ያለው ጨው

ጥያቄ፦ በሲሲሊ፣ ማርሳላ አጠገብ አንድ የድሮ የወይን ጠጅ ነጋዴ የገጠር ቤት ለሽያጭ ቀርቧል። ከባሕሩ ብዙም አይርቅም፤ ከባለቤቴ ጋር ገዝተን የእንግዳ ማረፊያ ልናደርገው አስበናል። ምድር ቤቱ በቅርቡ ተለስኖ ተቀብቷል፤ ሆኖም እስከ ወገብ ከፍታ ድረስ ነጭ ዱቄት እያወጣ ይረግፋል። ሻጩ «ውኃ የማያስገባ ቀለም ቀቡበት፣ ይቆማል» ይለናል። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ቀለሙን እርሱት። ሻጩ የሚመክረው በሽታውን መሸፈን ነው።

እንግሊዛዊው ጆን ዉድሃውስ እ.ኤ.አ. በ1773 የማርሳላን ወይን ጠጅ ወደ አገሩ ከላከ ወዲህ፣ በኋላም ኢንጋምና ፍሎሪዮ ሲከተሉት፣ ነጋዴዎቹ መጋዘንም መኖሪያም የሠሩት በአካባቢው በሚቆረጠው ለስላሳ ቢጫ ድንጋይና በኖራ ነበር። ድንጋዩ እርጥበት ይጠጣል፣ መልሶም በኖራው በኩል ይተፋል። ሲሚንቶ ሲለሰንበት መውጫው ይዘጋል፤ ውኃው ከፍ ብሎ ይወጣል፤ ጨውም ከልስኑ ጀርባ ይከማቻል። የባሕር ጨው የአየሩ እርጥበት ከ75 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ይሟሟል፤ ሲወርድ መልሶ ይጠጥራል። በጠጠረ ቁጥር የድንጋዩን ቀዳዳዎች እየገፋ ይፈረፍራቸዋል።

ከመፈረምዎ በፊት ልስኑን በመዶሻ እጀታ ቀስ ብለው ያንኳኩት። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ከግድግዳው ለቋል ማለት ነው። የረገፈበትን ጠርዝ በቁልፍ ይጫሩት፦ ግራጫና አልበገር ባይ ከሆነ ሲሚንቶ ነው፤ ነጣ ብሎ በቀላሉ ከተፈረፈረ ኖራ ነው። በኤሌክትሪክ የእርጥበት መለኪያ ብቻ አይመኑ፤ ጨው ባለበት ግድግዳ ላይ ቁጥሩን አጋንኖ ያሳያል። ሻጩ ከፈቀደ በተለያየ ከፍታ ግድግዳውን በስተው ዱቄት ይውሰዱና ቤተ ሙከራ በ105 ዲግሪ አድርቆ ይመዝንልዎ፤ የጨዉንም መጠን ይለካልዎ።

ጥገናው ከውኃው ይጀምራል፦ አሸንዳው ያፈሳል? የግቢው ወለል በኮንክሪት ተሸፍኖ ዝናቡን ወደ ግድግዳው ይመልሳል? ከዚያ ሲሚንቶው በእጅ መሮ ይነሳ፤ በከባድ ማሽን ከሆነ ድንጋዩ አብሮት ይነሳል። ዱቄቱን በደረቅ ብሩሽ እየጠረጉ ይልቀሙት፤ በውኃ ካጠቡት ጨዉን መልሰው ወደ ውስጥ አስገቡት ማለት ነው። በንጹሕ የተጣራ ውኃ የራሰ የወረቀት ለንቋሳ ግድግዳው ላይ ለጥፈው እስኪደርቅ ይተዉት፤ ጨዉን ስቦ ይወጣል፣ ይደጋገማል። ግድግዳው ቢያንስ አንድ በጋ ራቁቱን ይክረም። በመጨረሻ በኖራና በታጠበ አሸዋ ይለሰን፤ የባሕር ዳር አሸዋ አይግባበት። ይህ ልስን የቀረውን ጨው እየጠጣ ዓመታት ቆይቶ ይበላሻል፤ ሲበላሽ ይተካል። ሥራው ይኸው ነው።

ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ያለ ሶፕሪንተንዴንሳ (የቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ) ፈቃድ መዶሻ አይነሳም፤ ሽያጩም ለመንግሥት ሲነገር፣ መንግሥት በ60 ቀን ውስጥ ቅድሚያ የመግዛት መብት አለው። ከባሕሩ ዳርቻ በ300 ሜትር ውስጥ ከሆነ ደግሞ የመልክዓ ምድር ጥበቃ ሕጉ ይደርስበታል። ስለዚህ ሁለቱንም በኖታዮ (ውል በሚያጸድቀው የሕግ ባለሙያ) ያስጣሩ፤ የጥገናውን ግምት በጽሑፍ ከጂኦሜትራ (ከቅየሳና ግንባታ ባለሙያ) ያስይዙና ከዋጋው ላይ እንዲቀነስ ይጠይቁ።