ምርመራው ያገኘውና ያላየው፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በአንድ መጋዘን የፎርክሊፍት ኦፕሬተር ነኝ። ባለፈው ወር ኃይለኛ ሳል ይዞኝ ሐኪም ኮዴይን ያለበት ሽሮፕ አዘዘልኝ። መውሰድ በጀመርኩ በሦስተኛው ቀን ድንገተኛ የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ ተደረገና ሽንቴ እዚያው በመመርመሪያ ኪት ታይቶ “ፖዘቲቭ” ተባልኩ። የፈረቃ ኃላፊዬም በባልደረቦቼ ፊት የማሽኑን ቁልፍ ተቀበለኝ። ዕፅ የሚባል ነገር ቀምሼ አላውቅም። ይህ ውጤት የመጨረሻ ነውን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የመጨረሻ አይደለም። በየሥራ ቦታው የሚያዘው ኪት የማጣሪያ ምርመራ ብቻ ነው፤ የሚሠራውም ከሚፈለገው ንጥረ ነገር ጋር በሚጣበቁ ፀረ እንግዳ አካላት በመሆኑ፣ ቅርጹ የሚመሳሰል ሌላ መድኃኒት ሊያሳስተው ይችላል። በአንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥ የሚገኘው ሱዶኢፌድሪን አምፌታሚን የተባለውን አነቃቂ ዕፅ መስሎ የሚታይበት ጊዜ አለ። በዚህ ላይ የአነባበብ ስሕተት ይጨመርበታል፤ በአብዛኞቹ ኪቶች በመመርመሪያው ቦታ ላይ መስመር ከታየ፣ ደብዛዛም ቢሆን፣ ውጤቱ ነጌቲቭ ነው፤ ፖዘቲቭ የሚባለው መስመሩ ሲጠፋ ነው። የእርግዝና መመርመሪያ ማንበብ የለመደ ሰው ይህን ገልብጦ ቢያነበው አይደንቅም።

በእርስዎ ጉዳይ ግን ኪቱ የተሳሳተ አይመስለንም። ኮዴይን ራሱ ከፖፒ ተክል ከሚገኘው ከኦፒየም ወገን ነው፤ ጉበትም ከፊሉን ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል። ኪቱ ያገኘው በእርግጥ በሰውነትዎ ውስጥ ያለውን ነው፤ ሳይጠየቅ የቀረው “ከየት መጣ?” የሚለው ነው። ለዚህ መልስ የሚሰጡት ንጥረ ነገሮቹን በስምና በመጠን የሚለየው የቤተ ሙከራ ማረጋገጫ ምርመራና ውጤቱን ከታዘዘልዎ መድኃኒት ጋር የሚያገናዝብ ሐኪም ናቸው። መጠኑ ቀላል ነገር አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለሠራተኞች ምርመራ ያወጣውን የኦፒየም ነክ ንጥረ ነገሮች መነሻ መጠን፣ ማለትም ፖዘቲቭ ማለት የሚጀመርበትን ልክ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ከ300 ወደ 2,000 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ከፍ ያደረገው፣ ሐኪም ያዘዘላቸውን መድኃኒት የወሰዱ፣ ዳቦ ላይ የሚነሰነሰውን የፖፒ ፍሬ የበሉ ሰዎች ሳይቀሩ ፖዘቲቭ እየተባሉ ስላስቸገሩ ነው።

ስለዚህ የሐኪሙን ማዘዣ ቅጂና የመድኃኒት ቤቱ ምልክት የተለጠፈበትን ጠርሙስ ይዘው፣ የማረጋገጫ ምርመራ እንዲደረግልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ። በደንብ የተያዘ ናሙና በዐይንዎ ፊት ለሁለት ይከፈላል፣ ይታሸጋል፣ እርስዎም ይፈርሙበታል፤ ሁለተኛው ክፍል የሚቀመጠው ለእንዲህ ዓይነቱ ክርክር ነው። ናሙናው ተደፍቶ ከሆነም ይህንኑ በማመልከቻዎ ላይ ያስፍሩ።

አንድ ነገር ግን ሳንነግርዎ አናልፍም። ኮዴይን እንቅልፍ ያመጣል፤ በጠርሙሱ ላይም ማሽን ከማንቀሳቀስ እንዲጠነቀቁ የሚል ማሳሰቢያ ሳይኖር አይቀርም። በእነዚያ ሦስት ቀናት ሹካው ላይ ጭነት ተሸክመው፣ ሰው በሚመላለስበት መተላለፊያ ሲነዱ ነበር። የሕመሙን ዓይነት መግለጽ ባይፈልጉ እንኳ “የሚያስተኛ መድኃኒት ላይ ነኝ” ብለው ለጊዜው ሌላ ሥራ መጠየቅ ነበረብዎ። ኃላፊዎ ቁልፉን መቀበላቸው ትክክል ነው፤ ሰው ፊት ማድረጋቸው ግን ነውር ነው።

ጥያቄ፦ በአንድ የግንባታ ድርጅት የደኅንነት ኃላፊ ነኝ። ሥራ አመራሩ ከጸሐፊ እስከ ክሬን ኦፕሬተር ሁሉም በየወሩ የሽንት ምርመራ እንዲያደርግና ፖዘቲቭ የሆነ ሁሉ እንዲሰናበት ወስኗል። አደጋ ይቀንስልን ይሆን?

መልስ፦ እኅታችን፣ በዚህ አካሄድ ብዙ አንጠብቅም። ሽንት የሚናገረው ስላለፈው ነው። ካናቢስን አዘውትሮ የሚያጨስ ሰው ካቆመ ከሳምንታት በኋላም ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል፤ ኮኬይን በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሽንት ይጠፋል፤ ማታ ሲጠጣ አድሮ ጠዋት ክሬን ላይ የሚወጣውን ደግሞ አልኮልን የማይፈልግ የዕፅ ምርመራ ጨርሶ አያየውም። ሁለት ፈረቃ በተከታታይ ሠርቶ ዐይኑ የሚከደንበት ሰው በሁሉም ኪት ንጹሕ ነው።

እ.ኤ.አ. ጥር 4 ቀን 1987 በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት ቼዝ በተባለ ስፍራ “ቁም” የሚለውን ምልክት ጥሰው መስመር ውስጥ የገቡ ሎኮሞቲቮች (የባቡር መጎተቻዎች) ከመንገደኞች ባቡር ጋር ተጋጭተው 16 ሰዎች ሞቱ። የሎኮሞቲቮቹ ሾፌርና ረዳቱ ካናቢስ መውሰዳቸው ታወቀ፤ አደጋው እ.ኤ.አ. በ1991 የትራንስፖርት ሠራተኞች ምርመራ በሕግ ግዴታ እንዲሆን ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን ሾፌሩን የሚያነቃው የማስጠንቀቂያ ፉጨት በፕላስተር ታሽጎ መገኘቱ ነው። ያን ፕላስተር የሚያይ የሽንት ምርመራ የለም፤ ከጉዞ በፊት ጋቢናውን የሚፈትሽ ሰው ግን ያየዋል።

እኛ ብንሆን ምርመራውን በስሕተታቸው ሌላ ሰው ሊሞት በሚችልባቸው ሥራዎች ላይ ብቻ እናደርገው ነበር፤ አደጋ ሲደርስ ወይም ግልጽ ምልክት ሲታይም እንዲሁ። ጸሐፊዋን በየወሩ ኩባያ ማስያዝ ገንዘብና ክብር ማባከን ነው። የቀረውን ጉልበት ለፈረቃ መጀመሪያ ያውሉት። ፎርማኑ ከክሬኑ መሰላል ሥር ቆሞ እያንዳንዱን ኦፕሬተር የዕለቱን ጭነትና የነፋሱን ሁኔታ በራሱ አንደበት እንዲነግረው ይጠይቅ። ምላሱ የሚንተባተብ፣ መሰላሉን ሲይዝ እጁ የሚስት ሰው ምክንያቱ መጠጥም ይሁን ትኩሳት ወይም እንቅልፍ ማጣት፣ ያን ቀን አይወጣም።

ጥያቄ፦ የሌሊት ፈረቃ ስለሚከብደኝ የሚያነቃ ኪኒን ያለ ማዘዣ እወስዳለሁ። ምርመራ ሊደረግ ነው ተባለ። ብዙ ውኃ ጠጥቼ ብገባ ያድነኛል?

መልስ፦ አያድንዎትም። በጥንቃቄ በሚካሄድ ምርመራ ናሙናው እንደተሰጠ በአራት ደቂቃ ውስጥ ሙቀቱ ይለካል፤ ከ32 እስከ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆን አለበት። በሽንት ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኘው ክሬያቲኒን የተባለ ንጥረ ነገር ከ20 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነም ናሙናው ቀጥኗል ተብሎ ይጠረጠራል። ይልቅ ከምርመራው በፊት ለመሥሪያ ቤቱ ሐኪም ይንገሩ እንጂ ለፈረቃ ኃላፊው አይሂዱ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው የአሠራር መመሪያም የአልኮልና የዕፅ ችግርን እንደ ጤና ችግር እንጂ በቀጥታ እንደ ጥፋት እንዳይታይ ይመክራል። ሐኪሙን ሲያነጋግሩ ስለ ኪኒኑ ብቻ ሳይሆን ስንት ሌሊት በተከታታይ እንደሚመደቡም ይንገሯቸው፤ የፈረቃ ለውጥ የሚጠይቅ የሐኪም ደብዳቤ ሊጽፉልዎ ይችላሉና።