ደራሲን በወጉ የሚያናግር ሬዲዮ

እህቴ፣ «ደራሲን ጋብዘው ስለ ሽልማትና ሽያጭ ብቻ ይጠይቁታል፤ በወጉ የሚያወራ የሬዲዮ ፕሮግራም አለ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። አለ። ከአሜሪካዊው የሬዲዮ ሰው ከስተድስ ተርከል ጀምሪ።

ተርከል ቺካጎ በሚገኘው ደብልዩ ኤፍ ኤም ቲ ሬዲዮ ከ1952 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. እንግዳ ሲያናግር ኖሯል። 45 ዓመት! ምስጢሩ ቀላል ነው፤ መጽሐፉን አንብቦት ይመጣል። ያውም አስምሮበት፣ ጠርዙ ላይ ጽፎበት።

በ1961 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊውን ደራሲ ጄምስ ቦልድዊንን ያነጋገረበትን ስሚው። መግቢያው ላይ የብሉዝ ዘፋኟ የቤሲ ስሚዝ ሸክላ ይሰማል፤ ጎርፍ ቤቷን ስለወሰደባት ሴት የምትዘፍነው። ከዚያ ተርከል «ይህን ስትሰማ ምን ይሰማሃል?» ይለዋል። ቦልድዊን ወደ ስዊዘርላንድ ተራሮች ይወስደናል። የመጀመሪያ ልብወለዱን እዚያ በረዶ መሀል ሲጽፍ ይህችን ዘፋኝ ደጋግሞ ይሰማ ነበር። የሐርለም፣ የኒው ዮርኩ የጥቁሮች ሰፈር ልጅ፣ በልጅነቱ ሰፈሩ እንዴት ያወራ እንደነበር ያስታወሰው በእሷ ድምፅ ነው። እኔ እዚህ ጋ ስደርስ ሁሌም ወደኋላ መልሼ እሰማዋለሁ። አንድ ሸክላ ይህን ሁሉ አወጣ!

ቅጂዎቹ በራሱ በተርከል ስም በተከፈተው የኢንተርኔት ማኅደር በነፃ ይሰማሉ። ብዙዎቹ በጽሑፍም ስላሉ እንግሊዝኛው ቢፈጥንብሽ እያነበብሽ ተከተዪ።

በመጽሐፍ ላይ ብቻ ያተኮረ ከፈለግሽ የቢቢሲ ወርልድ ቡክ ክለብ አለልሽ። እዚያ ደራሲውን የሚጠይቁት አንባቢዎች ናቸው።

በአማርኛ ደግሞ የሸገር 102.1 «የጨዋታ እንግዳ»ን አትለፊ። እንግዶቹ ሁሉ ደራሲ አይደሉም። ግን አዘጋጇ መዓዛ ብሩ ሰው አታቻኩልም፤ እንግዳው ዝም ሲል እሷም ትጠብቀዋለች።