ለሚጣ ኦፕራሲዮን ብሩ ከየት ይምጣ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎት ከአዳማ ነው። ሚጣ የምትባል ትንሽ ነጭ ውሻ አለችኝ። 8 ዓመቷ ነው፣ ወልዳ አታውቅም። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ምግብ እምቢ ብላ ውሃ ብቻ ትጠጣለች፤ ሆዷ ተነፍቷል፣ ታስመልሳለች። ሐኪም ጋ ወሰድኳት። በአልትራሳውንድ አይቶ "ማህፀኗ መግል ይዟል፣ ቶሎ በኦፕራሲዮን ካልወጣ ትሞታለች" አለኝ። የጠራልኝ ዋጋ ግን ከሁለት ወር ደሞዜ ይበልጣል። እጄ ላይ ያለው ለቤት ኪራይ ያስቀመጥኩት ብቻ ነው። እናቴ "ሰው መድኃኒት መግዣ አጥቶ እያየሽ ለውሻ?" ትለኛለች፣ ጎረቤትም እየሳቀብኝ ነው። ለጊዜው መርፌ እያስወጋኋት ብር እስካገኝ ልጠብቅ? ወይስ ይቅርብኝና ከስቃዩ ትረፍ? ግራ ገብቶኛል።
ግራ የገባት፣ ከፍራንኮ አካባቢ

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የሚያስቸኩለውን ልመልስልሽ። መርፌ እያስወጋሽ አትጠብቂ። ሌላው ሁሉ መላ ይገኝለታል፣ ይሄ ግን ጊዜ አይሰጥም።

ሐኪሙ የነገረሽ ልክ ነው። በሽታው እንዳይወልዱ በኦፕራሲዮን ያልመከኑ ሴት ውሾችን፣ በተለይ ዕድሜያቸው ገፋ ያሉትን ይይዛል። ደም አይተው ካበቁ ከሳምንታት በኋላ ነው የሚመጣው። ያኔ ማህፀኑ ፅንስ የሚቀበል መስሎት ግድግዳውን ያወፍራል፣ ይሄ ደግሞ ለባክቴሪያ ይመቸዋል። የማህፀኑ አፍ ክፍት ከሆነ መግሉ በብልቷ በኩል ይፈሳል፤ ሽታው ራሱ ይነግርሻል። ከተዘጋ ግን ምንም አይወጣም፣ ሆድ ብቻ ይነፋል። ፈሳሽ ስላልጠቀስሽልኝ የሚጣ የተዘጋው ይመስለኛል፣ ከሁለቱ የሚያስፈራው ደግሞ እሱ ነው። መርዙ ወደ ደም ይገባል፣ ኩላሊቷንም ይነካል፤ ያን ሁሉ ውሃ የምትጠጣውም በዚህ ምክንያት ነው። አንቲባዮቲክ እዚያ ውስጥ የተጠራቀመውን መግል አያወጣውም። በሆርሞን መድኃኒት የሚሞከርበት መንገድ አለ፣ ግን አፉ ለተዘጋ ማህፀን አይመከርም፣ ቢሻላትም በሚቀጥለው ጊዜ የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው።

ደግሞ ለመርፌ የምታወጪው ብር ከኦፕራሲዮኑ ዋጋ ላይ አይቀነስልሽም። ይጨመርበታል እንጂ! የደከመች ውሻ ብዙ ግሉኮስ፣ ተጨማሪ የደም ምርመራ፣ ረዘም ያለ ክትትል ትፈልጋለች፤ ያንን ሁሉ የምትከፍዪው አንቺ ነሽ። ሳትዳከም በጊዜ ከተሠራች አብዛኞቹ ይተርፋሉ። 8 ዓመት ለትንሽ ውሻ እርጅና አይደለም፣ ትንንሾቹ ከ12 ዓመት በላይ መኖራቸው የተለመደ ነው።

አሁን ወደ ብሩ። ዛሬውኑ ሐኪሙ ጋ ደውዪና ዋጋውን ዘርዝሮ እንዲነግርሽ ጠይቂው። ማደንዘዣው ስንት ነው? ኦፕራሲዮኑስ? ግሉኮሱ፣ መድኃኒቱ፣ አዳሩ? ብዙ ሰው "ይሉኝታ ያዘኝ" ብሎ ድምሩን ብቻ ሰምቶ ይወጣል፣ ከዚያ ቤቱ ገብቶ ያለቅሳል። ሲዘረዘር የሚቀነስ ነገር ይገኛል። ለምሳሌ በደንብ ከነቃችና ሐኪሙ ከፈቀደ ማታ ወደ ቤት ወስደሽ ራስሽ ማስታመም ትችዪ ይሆናል፤ የአዳሩ ሒሳብ ቀረልሽ ማለት ነው። ግሉኮሱን፣ አንቲባዮቲኩንና የመስፊያ ክሩን በወረቀት ጽፎ ከሰጠሽ ራስሽ ከፋርማሲ ዋጋ አወዳድረሽ መግዛት ይቻል እንደሆነም ጠይቂ። ከኦፕራሲዮኑ በፊት የሚሰጣት ግሉኮስና የሕመም ማስታገሻው ግን አይነኩም። እነሱን ትቼ ላርክስልሽ የሚልሽ ካለ ሌላ ሰው ፈልጊ።

ቀጥሎ፣ ግማሹን አሁን ግማሹን ደሞዝ ስትቀበዪ መክፈል እንደምትፈልጊ በግልጽ ንገሪው። እኛ ባለሙያዎቹ ለምን እንደምናመነታ ታውቂያለሽ? "ነገ አመጣለሁ" ብሎ የሚጠፋው ብዙ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ቀኑን ጽፈሽ፣ መታወቂያሽን አስይዘሽ፣ የሚያውቅሽ ሰው ይዘሽ ሂጂ። ፊትሽን አይቶ ከሚያምንሽ ወረቀቱን አይቶ ቢያምንሽ ለሁለታችሁም ይሻላል።

ካልተስማማችሁ ቢሾፍቱን አትርሺ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው እዚያ ነው፤ ማስተማሪያ ሆስፒታልም አለው። ተማሪ ከአስተማሪው ጋር ሆኖ የሚሠራበት ቦታ ስለሆነ ዋጋውን መጠየቅ አይጎዳሽም። ከመሄድሽ በፊት ግን ደውለሽ የትንሽ ውሻ ኦፕራሲዮን በዚያ ቀን ይሠሩ እንደሆነ አጣሪ። (የሐዋሳ አንባቢዎች፣ እናንተም ዩኒቨርሲቲያችሁ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ክፍል አለውና ጠይቁ።) ከአዳማ ቢሾፍቱ በሞጆ በኩል 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት በማለዳ ውጡ፤ የአዳማ ቀትር ለታመመ ውሻ አይሆንም። ውሻ ያየ ወያላ ፊቱን ማጥቆሩ አይቀርም፣ ስለዚህ ካርቶን ውስጥ አሮጌ ጨርቅ አንጥፊላት፣ አየር እንዲገባ ጎን ለጎኑን ቅደጂው፣ ከላይ ነጠላ ጣል አድርጊበትና ሳትሳፈሪ አስቀድመሽ ንገሪው። የአንድ ሰው ሒሳብ ጨምሪ ቢልሽ ክፈዪ፣ መንገድ ላይ ከመውረድ ይሻላል።

ኪራዩን አትንኪው። ይሄን ረገጥ አድርጌ ነው የምነግርሽ፣ ከቤት ብትወጡ ሚጣንም የሚያስገባት አከራይ አታገኚም። ዕቁብ ካለሽ ዳኛውን አነጋግሪ። የቸገረውን ሰው አስቀድሞ ማውጣት የተለመደ ነው፣ ዕጣ የደረሰው ሰውም ተራውን ሊለዋወጥሽ ይችላል። መሥሪያ ቤትሽ በደሞዝ የሚቆረጥ ብድር ከሰጠ ጠይቂ። ቴሌብር ላይ "መላ" የሚባለው ብድርም አለ፣ የሚፈቅድልሽ መጠን እንደ አጠቃቀምሽ ነው፤ ክፍያውንና የሚመለስበትን ቀን ሳታነቢ ግን "እሺ" የሚለውን አትጫኚ። አራጣ ጭራሽ አይታሰብ። ከጓደኛ የምታሰባስቢ ከሆነ ብሩ በቀጥታ ለሐኪሙ እንዲገባ አድርጊና ደረሰኙን ላኪላቸው፣ ሐሜቱ ከሥሩ ይደርቃል። ውጭ አገር ለውሻ ኢንሹራንስ ይገባሉ። እኛ ጋ ለእንስሳ ሲባል የምናውቀው በቦረና ለከብት የሚገባውን የድርቅ ዋስትና ነው፣ ሚጣ ደግሞ ቦረና አልተወለደችም።

እናትሽን በተመለከተ፣ ብሩ የእሳቸው የመድኃኒት ብር ከሆነ ልክ ናቸው፣ አትውሰጂው። የራስሽ ላብ ከሆነ ግን ለማንም ማስረዳት የለብሽም። ጎረቤት ሠርግ ላይ ለአንድ ቀን ቀሚስ ስንት እንደሚያወጣ ማንም አይጠይቀውም።

ሁሉንም ሞክረሽ ካልሆነስ? በመርፌ ያለ ሕመም ማሳረፍ አለ። ጭካኔ አይደለም። ጭካኔው ብሩም ሳይገኝ፣ ውሳኔውም ሳይወሰን ሚጣ ጓዳ ውስጥ ስትማቅቅ መሰንበቷ ነው። ስለዚህ ለራስሽ ቀን ቁረጪ፤ እኔ ብሆን ከነገ ወዲያ አላሳልፈውም። እስከዚያ ግን እየደከመች ከሄደች ወይም መቆም ካቃታት፣ ቀኑን ሳትጠብቂ በዚያው ሰዓት ውሰጃት።

ከተሠራች በኋላ ስፌቱን እንዳትልስ አንገቷ ላይ የሚደረግ ነገር ያስፈልጋታል። የሚሸጠው ከተወደደ ትንሽ የላስቲክ ባልዲ ግዢና መቀመጫውን ቆርጠሽ ጠርዙን በፕላስተር ሸፍኚው፣ ከዚያ በጭንቅላቷ በኩል አግቢው። ታኮርፋለች፣ ግድ የለም። ክሩ የሚወጣው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። አመማት ብለሽ ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ እንዳትሰጫት፤ ለሰው የሚሆነው ውሻን ሊገድል ይችላል። ሐኪሙ ያዘዘውን ብቻ ስጫት።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እኔም አዳማ ነኝ። ገና አንድ ጊዜ ብቻ ደም ያየች ሴት ውሻ አለችኝ። ሳትታመም አስቀድሜ ላስመክናት? አንድ ሰው ወንድ እንዳይከተላት በየጊዜው መርፌ አስወጋት ብሎኝ ነበር።
አንባቢ

መልስ፦ አስመክናት። የጤነኛ ውሻ ኦፕራሲዮን አጭር ነው፣ ዋጋውም በመግል ከሞላው ማህፀን ጋር አይወዳደርም። መርፌውን ተወው፤ ውስጡ ያለው ሆርሞን ራሱ ማህፀኗን ከላይ ለጻፍኩት በሽታ ያጋልጠዋል። ደም እያየች ባለችበት ሰሞን ግን አታሠራት፣ ያኔ የደም ሥሮቹ ስለሚወጠሩ መድማቱ ይበዛል። ካበቃች በኋላ ሁለት ሦስት ወር ቆይተህ ውሰዳት፣ እስከዚያ ዋጋውን ከአሁኑ ጠይቀህ በየወሩ ትንሽ ትንሽ አስቀምጥ።