ስኳሩን ከሲኒው ውስጥ ብቻ አትፈልጉት

በውጭ አገር ሆናችሁ ለአገር ቤት ዘመድ ለምታስቡ ወገኖቼ ይህን የምጽፍላችሁ ደሴ፣ ታላቅ እህቴ ቤት ተቀምጬ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ 22 ዓመት ታክሲ ስነዳ ኖሬ፣ ከእነዚያ ዓመታት ውስጥ 14ቱን ከስኳር በሽታ ጋር አሳልፌያለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ሐኪሞች ደጋግመው ነግረውኝ ሳልሰማ የቆየሁትን ግን አሁን በደንብ አውቀዋለሁ።

በገባሁ በሦስተኛው ቀን እህቴ ቡና አፈላች። «ለአንተ ብዬ ስኳር ከቤቴ አጥፍቻለሁ» ብላ ሲኒውን ሰጠችኝ፤ እውነትም ስኳር የለበትም፣ እንደ ገጠሩ ልማድ ጨው ጣል ተደርጎበታል። ከሲኒው አጠገብ ግን ከመዳፌ የሚሰፋ የድፎ ዳቦ ቁራጭ ማር ፈሶበት ቀርቧል፤ አንድ ሰሃን የገብስ ቆሎም አለ። እምቢ ማለት አልሆነልኝምና በላሁ። ከመብላቴ በፊት 131 የነበረው ስኳሬ ከሁለት ሰዓት በኋላ 262 ሆኖ ተገኘ። እህቴ መሣሪያው ተበላሽቷል አለች፤ «ስኳር የት ነክተህ?»

ይህ ጥያቄ የእሷ ብቻ አይደለም። በሽታው በአማርኛ ያገኘው ስም ዓይናችንን ከስኳር ዕቃው ላይ ተክሎ፣ ሞሰቡን እንዳናይ አድርጎናል። ጤፍም ሆነ ስንዴ፣ ማሽላም ሆነ ሩዝ፣ ድንችም ሆነ በቆሎ በውስጡ ያለው ስታርች ተፈጭቶ ደም ውስጥ የሚገባው ግሉኮስ የሚባል ስኳር ሆኖ ነው። ጤፍ በብረትና በአሰር ከነጭ ዱቄት የተሻለ መሆኑ እውነት ቢሆንም፣ ከክብደቱ ትልቁ ክፍል ስታርች ስለሆነ «ጤፍ ስኳር የለውም» እያሉ ሁለት እንጀራ መጨረስ ራስን ማታለል ነው። ማርም «የተፈጥሮ ነው» ይባልለታል፤ ነገር ግን ከመቶ 80 ያህሉ ስኳር ነው፤ ከተፈጥሮ መምጣቱም ለቆሽት የሚያቀልለት ሸክም የለም። ጨው ስኳርን ይተካል የሚለውን የቡና ልማድ በተመለከተም፣ ብዙ የስኳር ሕመምተኛ የደም ግፊትም እንዳለበት ማሰብ ይበቃል።

ይህን ስል እንጀራ ተዉ ማለቴ አይደለም፤ የምለው መጠኑን እወቁ ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ ችግራችን የአበላላችን ነው። ከአንድ ትሪ አብሮ የሚበላ ሰው፣ ጉርሻው ሲጨመርበት፣ ስንት እንደበላ በፍጹም አያውቅም። እኔ የያዝሁት ዘዴ ከመጀመሬ በፊት ግማሽ እንጀራ ቆርጬ በትሪው ዳር ወደ እኔ ማስጠጋት፣ ቀሪውን ቦታ ጎመንና ሰላጣ እንዲሞላው ማድረግ ነው፤ መጀመሪያ ቤተሰቡ ተቀየመኝ፣ ከሳምንት በኋላ ግን ለመዱት። ሽሮና ምስርም ስታርች እንዳላቸው አትርሱ፤ ፕሮቲንና አሰር ስላላቸው ከነጭ ዳቦ ይሻላሉ እንጂ ከሒሳቡ ውጭ አይደሉም። እናንተ ባላችሁበት አገር በየሱቁ የሚሸጠው እንጀራ ብዙ ጊዜ ከስንዴ ዱቄት ጋር የተቀላቀለ ስለሆነ ጋጋሪዋን ጠይቁ። የጾም ምግብም፣ ሥጋና ቅቤ ስለሌለበት ብቻ ለሕመምተኛ የተዘጋጀ ይመስለናል፤ ጾመኛው ግን ብዙ ጊዜ የሚጠግበው በድንች፣ በፓስታና በዳቦ ነው።

እንቅስቃሴን በተመለከተ ነገሬ አጭር ነው። ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ደክሞ መዋል እንቅስቃሴ አይባልም፤ ይህን ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። ከምግብ በኋላ በእግር መሄድ ስኳሩ በጣም እንዳይወጣ ይረዳል። ገና ላልያዛችሁ፣ ሐኪም ግን «ወደ ስኳር እየተጠጋህ ነው» ላላችሁ ደግሞ፣ በአሜሪካ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ትልቅ ጥናት አለ፤ የክብደታቸውን 7 ከመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ የተመከሩትና የታገዙት ሰዎች በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 ከመቶ ቀንሷል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን በስልክ የምንሰጠው ምክር ነው። እዚህ ሰፈር አንድ አባት ልጃቸው ከውጭ ደውሎ «እንጀራ ይቅርብዎ፣ እራትም አይብሉ» ስላላቸው ታዘዙት፤ ክኒናቸውን ግን እንደ ወትሮው ዋጡ። ክኒኑ ግሊበንክላማይድ ነበር፤ ይህ መድኃኒት ሰውየው በላም አልበላም ቆሽት የደም ስኳርን የሚያወርደውን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ይገፋልና፣ ሌሊት ላይ ስኳራቸው ከልክ በታች ወርዶ ላብ አጥምቋቸው እየቀባዠሩ ተገኙ። ስለዚህ ማንንም ከምግብ ከመከልከላችሁ በፊት የሚወስደውን መድኃኒት ስም አስነብቡ፤ የአመጋገብ ለውጥም ሆነ ጾም፣ ዐቢይ ጾምም ይሁን ረመዳን፣ አስቀድሞ ከሐኪም ጋር መድኃኒቱ ተስተካክሎ ይሁን። ስኳር ከ70 በታች ከወረደ፣ ወይም ሰውየው ከተንቀጠቀጠና ካላበው፣ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣትና ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት ነው፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይሰጡ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ያስፈልጋል። ያን ሌሊት እህቴ ከቤቷ ያጠፋችው ስኳር ከጎረቤት ተለምኖ መጣ።

ኢንሱሊን የተጀመረለት ሰው አለቀለት የሚሉም አሉ። ኢንሱሊን ለሰው መሰጠት ከጀመረበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስንቱን ወጣት ከሞት እንዳተረፈ የማያውቅ ሰው ወሬ ነው፤ ዓይነት አንድ የሚባለው፣ ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨት የሚያቆምበት የስኳር በሽታ የያዘው ልጅ በምግብ ብቻ፣ በአብሽም ሆነ በሽፈራው፣ ፈጽሞ ሊኖር አይችልም። ጠበል የሚጠመቅም ኢንሱሊኑን ይዞ ይጠመቅ።

ኢንሱሊን ስታመጡ በእጅ ሻንጣ ያዙት፤ ከአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ሊቀዘቅዝ ይችላል፣ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ደግሞ አይሠራም። ደሴ ብርድ ስለሆነች ብዙ አያሳስብም፤ ባቲ፣ ከሚሴ ወይም ቆቦ ላለ ዘመድ ግን፣ ማቀዝቀዣ ከሌለው፣ በረጠበ አሸዋ ላይ የተቀመጠ የሸክላ ማሰሮ ከሙቀት ይከላከልለታል። ከእንግሊዝ፣ ከካናዳ ወይም ከስዊድን የምትደውሉ ደግሞ ቁጥሩን አታምታቱ፤ የእናንተ መለኪያ በሚሊሞል በሊትር፣ የእዚህ በሚሊግራም በዴሲሊትር ስለሚቆጥር የእናንተ 7 እዚህ 126 ነው።

ትናንት እህቴ የጎረቤቷን ቁም ሳጥን ከፍታ አሳየችኝ፤ ከሦስት አገር የተላኩ ሦስት መለኪያዎች በየማኅደራቸው ተደርድረዋል፣ ለአንዳቸውም የሚሆን ስትሪፕ (ደም ተነክቶበት መለኪያው ውስጥ የሚገባው ቁራጭ) ግን የለም፤ የአንዱ ስትሪፕ ለሌላው አይሠራምና። ሻንጣ ከማሰናዳታችሁ በፊት አንድ ሰው ወደ መድኃኒት ቤት ልካችሁ የትኛው ስትሪፕ እንደሚገኝ አስጠይቁ፤ መለኪያውን ከዚያ በኋላ ግዙ።